የሐዲድ ዕድሜ

የከተማ ባቡር ሐዲድ ዕድሜ የሚለካው በዓመት ሳይሆን በላዩ ባለፈው ክብደት ነው። በአንድ ቀን የተነጠፉ ሁለት ሐዲዶች አንዱ ቀጥታ መስመር ላይ፣ ሌላው ኩርባ ላይ ከዋሉ አብረው አያረጁም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይዘልቃል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ግን የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። ይህ ክፍል የሁለቱንም ጭነት ስለሚሸከም ቀድሞ መበላቱ አይቀርም።

የባቡሩ የብረት ጎማና ሐዲዱ የሚነካኩበት ቦታ ከሳንቲም ብዙም አይሰፋም፤ በቶን የሚመዘነው ጭነት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቀጥታው ላይ የሐዲዱ ራስ ከላይ ቀስ እያለ ይበላል። ኩርባ ላይ ደግሞ የጎማው ጠርዝ የውጭውን ሐዲድ ከውስጥ ጎኑ ይፍቀዋል። ገበሬ ነገሩን ከማረሻው ያውቀዋል፤ ቀድሞ የሚያልቀው አፈሩን የሚገፋው ጫፉ ነው። በክረምት ባቡሩ እርጥብ ሐዲድ ላይ ሲነሳ ጎማው ባለበት ከተሽከረከረ ብረቱን ያግለዋል። ያ ነጥብ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል።

ባለሙያው መለኪያውን ሐዲዱ ራስ ላይ አሳርፎ ስንት ሚሊሜትር እንደጎደለ ያነባል። ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ለዓይን ስለማይታይ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ሌላም ድብቅ ጉዳት አለ፤ ባቡሩ የሚሠራበት የ750 ቮልት ኤሌክትሪክ ተመላሽ መንገዱ ራሱ ሐዲዱ ነው፤ ወደ መሬት ካፈተለከ የሐዲዱን እግር ያዝገዋል። ላዩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ተቆጣጣሪ ይህ ያመልጠዋል።

ሐዲዱ ገና ሳይቀየር፣ ስንጥቁ ሳይጠልቅ ስስ ሽፋን መሞረድ ያዋጣል። ጥቂት ብረት ይባክናል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። መቀየሩ ግድ ሲሆን ሥራው ባቡር በማይሄድበት ሌሊት፣ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ይከናወናል። አሮጌው ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲሱ ቴርሚት በሚባለው ዘዴ ይበየዳል። አዲሱ ራሱ ስላልተበላ ከጎረቤቱ ከፍ ይላል፤ መጋጠሚያው ተሞርዶ ካልተስተካከለ እያንዳንዱ ጎማ ሲያልፍ ይመታዋል። ሙቀቱም ይታሰባል፤ 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይፈልጋል። በብርድ ሳይወጠር የታሰረ ሐዲድ ቀትር ላይ ሊጣመም ይችላል።

ያረጀ ሐዲድ አዲስ ጎማ ያበላሻል፣ ያረጀ ጎማም አዲስ ሐዲድ ይበላል። ጎማዎቹ በጊዜው ቶርኖ ካልገቡ ለሐዲድ መቀየሪያ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው።