ሦስት ዓረፍተ ነገር በክቪስሊንግ ላይ

የኖርዌይን የፀረ ወረራ ተጋድሎ የሚያወሱ መጻሕፍትም ፊልሞችም ደጋግመው የሚመለሱት ወደ ቬሞርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በበረዶ ሸርተቴ ተጉዘው፣ ገደል ወርደውና ወጥተው የከባድ ውሃ ማምረቻውን ያፈነዱት የዮአኪም ሮነበርግ ጓዶች አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ መመለሳቸው በእርግጥ ያስደንቃል። ከርክ ዳግላስ ከተወነበት የ1965ቱ ፊልም ወዲህም ጀብዱው ተራኪ አጥቶ አያውቅም። የሚያስቆጨው፣ ከፍንዳታው አንድ ዓመት ቀድሞ የተጻፈውና በእኔ ግምት ከፈንጂው የሚበልጠው ሥራ በአንድ አንቀጽ እየታለፈ መቅረቱ ነው።

ከጀርመን ወራሪዎች ጋር ያበረው ባንዳ ክቪስሊንግ ሥልጣኑን በያዘ በቀናት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 1942፣ መምህራንን ሁሉ በግዴታ የአንድ ማኅበር አባላት አደረገ፤ ሕፃናቱም በራሱ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ እንዲመዘገቡ አወጀ። ኦስሎ ውስጥ የተሰባሰቡ ጥቂት ሰዎች አጭር የእምቢታ ጽሑፍ አረቀቁ። እያንዳንዱ መምህር ቃል በቃል ገልብጦ፣ ስሙንና አድራሻውን አስፍሮ ፌብሩዋሪ 20 ፖስታ ቤት እንዲያስገባው መልእክት ተላለፈ። የአገሪቱ መምህራን አብዛኞቹ ይህንኑ አደረጉ።

ጽሑፉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ንጉሡን አያነሳም፣ ጀርመኖችን አይሰድብም፣ ነፃነት የሚል ቃልም የለበትም። ፈራሚው ወጣቱን በፓርቲው መስመር ማሳደግ ከኅሊናው ጋር እንደሚጋጭ ይናገራል፤ አባልነቱ የሚያስከትለው ግዴታ ደግሞ ከተቀጠረበት ውል ጋር እንደማይስማማ ያክላል፤ ስለዚህ ራሱን እንደ አባል አይቆጥርም። ይኸው ነው። ለእኔ የጽሑፉ ረቂቅነት ያለው በመካከለኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ኅሊና ብቻውን ቢጠቀስ ሰማዕትነት ይመስል ነበር፤ የቅጥር ውል ሲጨመርበት ጉዳዩ የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ሆኖ ቁጭ አለ። ሥራዬን ለቅቄያለሁ የሚል ሐረግ ደግሞ የትም የለም። መምህሩ ክፍሉን ሳይለቅ ማኅበሩን ብቻ እምቢ አለ፤ የማባረሩ ዕዳ በክቪስሊንግ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሁሉም «እኔ» ብሎ በስሙ ስለፈረመ የተደበቀ ሰው የለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ስለጻፈ ደግሞ ተለይቶ የሚቀጣ ደራሲ አልተገኘም።

ቅጣቱ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤቶች በማሞቂያ ነዳጅ እጥረት ሰበብ ተዘጉ፤ ከ1,000 በላይ መምህራን ታሰሩ። በዮርስታሞን ካምፕ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በረዶ ላይ እንዲሳቡ ተደረጉ። ወደ 500 የሚጠጉት «ሼርስታድ» በተባለች መርከብ ታጭቀው ሰሜን ጫፍ ላይ ወዳለችው ሺርከነስ ጭነት ሊያወርዱ ተላኩ። የታጠፈ ጥቂት ነው። እስከ ኖቬምበር ድረስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ክቪስሊንግም አገሪቱን በግዴታ ማኅበራት ሊያደራጅ የነበረውን ዕቅድ ተወው።

በዚያው ኖቬምበር፣ በ26ኛው ቀን፣ «ዶናው» የተባለች መርከብ ከ500 በላይ አይሁዳውያንን ጭና ከኦስሎ ወደብ ተነሣች። ከየቤታቸው ለቅመው ያመጧቸው የኖርዌይ ፖሊሶች ናቸው፤ ለዚሁ ሥራ ታክሲዎች ተከራይተው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ይንስ ስቶልተንበርግ ስለዚህ ድርጊት ይቅርታ የጠየቁት በ2012 ነው። ብዙዎችን ወደ ስዊድን ያሻገሩ አርበኞች እንደነበሩ አልዘነጋም። ቤተ ክርስቲያንም ቀደም ብላ ለክቪስሊንግ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፋለች። ነገር ግን ወራሪው ያን ቀን የፈለገው የጳጳስ ፊርማ አልነበረም፤ የፖሊስና የሾፌር ጉልበት ነው። የመምህራኑ ደብዳቤ የሠራው እምቢ ባዩ ወራሪው የሚፈልገውን ሥራ በእጁ ስለያዘ ነበር። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ አደራጆች ወደ ፖሊስ ጣቢያው አለመዝለቃቸውን በዝግጅት ማነስ ብቻ ለማስተባበል የሚሞክሩ ጽሑፎች አያሳምኑኝም። በኦገስት 1943 ጉናር ኤይሊፍሰን የተባለ የኦስሎ ፖሊስ ባልደረባ ለግዳጅ ሥራ ያልቀረቡ ልጃገረዶችን አላስይዝም አለ። ብቻውን ስለነበር ተረሸነ።