ስሙ የተሰወረ የዕፅዋት ሠዓሊ

በጎንደር ያጎቤ እየተባለ ይጠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ስለ አገራችን የጻፈውን ባለአምስት ቅጽ መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ፣ የመጨረሻውን ቅጽ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሰጥቶታል። እንሰቱ፣ ቁልቋሉ፣ ዋንዛው፣ ቀንጠፋውና ኮሶው እያንዳንዳቸው ከነሥዕላቸው ተገልጠዋል። ከሁሉ ያነሰችው ሣር ጤፍም የራስዋ ሥዕል አላት።

በመጽሐፉ ያለው ግን በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመው ነው። የጉዞው የዕፅዋት ሥዕሎች ዋና ቅጂዎች፣ የውሃ ቀለማቸው ሳይጠፋ፣ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። ብሩስ የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው እንጂ፣ ሠዓሊው አብሮት የመጣውና በጎንደር የሞተው የቦሎኛ ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር።

የዚህ ሰው ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ትናንሾቹን ተክሎች ማሰብ ይበቃል። ዛፍ የሚሥል ሰው እጁ ቢሳሳት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሸፈንለታል፤ በአንዲት ሣር ላይ ግን መሸሸጊያ የለም። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መቸኮል አለበት፤ የውሃ ቀለምም ወረቀቱን አንድ ጊዜ ከጠጣው በቀላሉ አይፋቅም።

እንዲህ ያለው የአሣሣል ልማድ ጉድለት የለውም አንልም። ተክሉ ከአፈሩና ከጎረቤቱ ተነጥሎ በነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ይቆማል። ለኮሶ ዘለላ ይህ ይስማማዋል፤ የጤፍ ውበት ግን በብዛትዋ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ማሳው ሁሉ እንደ ባሕር ሲናወጥ ያየ ሰው፣ ከማሳዋ የተለየችውን ጤፍ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ያያታል። ዓይነትን ከዓይነት ለሚለይ ሊቅ ግን የሚጠቅመው ይኸው መነጠል ስለ ሆነ፣ ፍርዳችንን እናለዝባለን።

የማናለዝበው ስለ ስሙ ነው። ብሩስ ኮሶን በእንግሊዛዊው ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎት ነበር። ስያሜው ቢለወጥም፣ የዕፅዋት ሊቃውንት የዛፉን የሳይንስ ስም አሟልተው ሲጽፉ እስከ ዛሬ ብሩስን በቅንፍ ይጠቅሱታል፤ መጀመሪያ የሰየመ እንዲጠቀስ ሕጋቸው ያዛልና። ለሠዓሊው ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረለትም። በ1991 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሦስት ሊቃውንት ሥዕሎቹን በአንድ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ በርእሱ ላይ የባሉጋኒን ስም አስቀደሙ። ከመጀመሪያው ኅትመት በኋላ ሁለት መቶ አንድ ዓመት መሆኑ ነው! ሥዕሎቹን በአማርኛ መጻሕፍት የሚያትሙ ሁሉ ከሥራቸው «ባሉጋኒ ሣለው» ብለው እንዲጽፉ እንጠይቃለን።