የማናዝንለት ሟች

ባል በሚስቱ ሤራ ለገንዘብ ሲገደል በፊልም አይታችሁ፣ ወዲያው የገዳዮቹ መኪና አልነሣ ሲል «ምነው በተነሣላቸው!» ብትሉ ራሳችሁን አትታዘቡምን? «ደብል ኢንደምኒቲ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ተመልካቹን እንዲህ ያደርገዋል።

ፊልሙን በ1944 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ቢሊ ዋይልደር ሲሆን፣ መነሻው የጄምስ ኬን ልብ ወለድ ነው። ስሙ «እጥፍ ካሳ» ማለት ነው፤ ኢንሹራንስ የተገባለት ሰው በድንገተኛ አደጋ ከሞተ ክፍያው እጥፍ ይሆናል የሚል የውል አንቀጽ ነው። ፊሊስ የተባለች ሚስትና ኔፍ የተባለ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ተመሳጥረው ባልየውን ይገድሉታል። 50 ሺህው ዶላር 100 ሺህ እንዲሆንላቸው፣ ከባቡር የወደቀ አስመስለው አስከሬኑን ሐዲድ ላይ ይጥሉታል።

ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም። በ1927 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሩት ስናይደር የተባለች ሴት ከውሽማዋ ጋር ሆና ባሏን ገድላለች። እጥፍ ካሳ ያለበት የሕይወት ኢንሹራንስም አስቀድማ በማታለል አስገብታው ነበር። ሁለቱም በጥር 1928 በሞት ተቀጥተዋል።

የፊልሙ ብርቱ ክፍል ግድያው ሳይሆን ፊርማው ነው። ባልየው የመኪናውን ኢንሹራንስ የሚያድስ መስሎት ሁለት ወረቀት ይፈርማል፤ ሁለተኛው የሞቱ ወረቀት ነው። ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳት ሎላ ምስክር ትሆን ዘንድ እዚያው ሳሎን እንድትቀመጥ ተደርጋለች። ዳሩ ግን ያየችውን አላወቀችም። እንዲህ ያለ ግድያ እጅ ከመነሣቱ በፊት ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ በመተማመን መሐል እንደሚጀመር ፊልሙ በሚገባ አሳይቷል።

ጉድለቱስ? ሟቹን ነጭናጫና ጠጪ ብቻ አድርጎ ስለሚያቀርብልን ሞቱ አይከብደንም። አስተዋዩ መርማሪ ኪስ የሚቆመው ለኩባንያው ገንዘብ ነው፤ ለአባትየው የምታዝነው ልጁ ብቻ ናት። «ገዳዮቹ መጨረሻቸው አላማረም እኮ!» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሚጠፉት እርስ በርስ መተማመን አቅቷቸው ነው እንጂ የሟቹ ደም ተቆርቋሪ አግኝቶ አይደለም።

በሸሪዓ የውርስ ሕግ ሆን ብሎ የገደለ ሰው ሟቹን አይወርስም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1886 እ.ኤ.አ. ገዳይ የገደለውን ሰው የኢንሹራንስ ገንዘብ እንዳይወስድ ወስኗል። ሁለቱም የገዳዩን እጅ ባዶ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የሚደርሱት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ያለው የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዘዘው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ወረቀት ወደ ቤታችሁ ሲገባ ከፊርማው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የሚፈርመውም የሚመሰክረውም ይረዳው። ሎላ ምስክር ተብላ ተቀመጠች እንጂ አልመሰከረችም።

ወላሁ አዕለም።