መርፌው ይቅደም

ሸክላ ማጫወት ሊጀምር ያሰበ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው። የቱ ማጫወቻ ይሻላል? ስንት ያወጣል? ማንስ ያመጣልኛል? ስለ መርፌውና መርፌውን ስለተሸከመው ካርትሪጅ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥምም። እንደ እኔ እምነት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ በተለይም እዚህ ገዳሪፍ ተቀምጦ የአዲስ አበባንና የኦምዱርማንን ዜማ በአንድ ምሽት ሊያሰማ ለሚሻ ዲጄ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸክላዎቹ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን ውጭ አገር እያሳተመ ለአዲስ አበባ ገበያ አቀረበ። ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ካሴት ገበያውን ጠቀለለውና የሸክላው ዘመን አበቃ። እነዚያ ሸክላዎች በሙዚየም የኖሩ አይደሉም፤ በየቡና ቤቱ ጁክቦክስና በየሳሎኑ፣ በደነዘዘ መርፌ ሥር ሌት ተቀን ሲፈጩ የኖሩ ናቸው። በሱዳን በኩል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ካርቱምን ጥሎ የወጣ ቤተሰብ ልጆቹን እንጂ ሸክላ ተሸክሞ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። እንግዲህ ዛሬ በእጅ የቀረው ቅጂ ቢበላሽ ምትክ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ድምፁ የተጻፈው በሸክላው ቦይ ግድግዳ ላይ ነው፤ መርፌው ያንን ግድግዳ እየዳሰሰ ያልፋል። የሚጫነው ክብደት በግራም ይለካል። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት፣ ድምፅ ማጉያቸው ከውስጥ የተገጠመላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሴራሚክ ካርትሪጅ አላቸው፤ ጫናቸውም 5 ግራም ገደማ ነው፤ ለማቅለል ቢፈልጉም ማስተካከያ የላቸውም። ለጌጥ ያምራሉ። ለአሮጌ ሸክላ ግን ማጭድ ናቸው።

ማግኔታዊው ካርትሪጅ ከዚህ ይለያል። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ በ2 ግራም ይሠራል፤ ጫፉ ሞላላ በመሆኑ ረቂቁን ድምፅ አጥርቶ ያነባል። ቤት ውስጥ ለማዳመጥ እርሱን እመርጣለሁ። ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላና ወደ ፊት ለሚመልስ ዲጄ ግን ክብ ጫፍ ይስማማዋል። በዚህ ረገድ ሲወደስ የኖረውን ኤም44-7 ሹር ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራቱን ሲያቆም አብሮ ቀርቷል፤ አሁን በዚያ ስም የሚሸጠውን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኦርቶፎን ኮንኮርድ፣ ካርትሪጁና መያዣው አንድ አካል ስለሆነ ያለ ካቻቪቴ ይገጠማል፤ የዲጄ ሞዴሎቹ 3 ግራም ይበቃቸዋል። ውድ ነው። ቢሆንም መርፌ በሰሊጥና በማሽላ ገበያ መካከል የሚገኝ ዕቃ አይደለምና፣ አቅም ከፈቀደ ተቀያሪ ጫፉን ጨምሮ መግዛት ነው።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ብዙዎች በቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ይምላሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፣ በ2010 ማምረቱ ቆመ፣ በ2016 ተመለሰ። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ዝናው አይደለም። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው አሮጌ ባለ ቀበቶ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሞገድ ነው። የእነርሱ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። በ45 ዙር መሽከርከር የሚገባው ሸክላ በ37 ተኩል ይዞርና ጥላሁን ገሠሠ ከራሱ ድምፅ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ይዘፍናል። ጄኔሬተር ሲኖር ደግሞ ሞገዱ ራሱ ይዋዥቃል። ፍጥነቱን በኳርትዝ የሚቆጣጠረው ቀጥታ ሞተር ይህን ሁሉ አይሰማውም፤ በሙቀት የሚላላ ላስቲክም የለበትም። ቴክኒክስም ባይሆን፣ ይህ ያለው ማንኛውም ማጫወቻ፣ ክንዱ በግራም የሚስተካከል እስከሆነ ድረስ፣ ለጀማሪ ይበቃል።

የሞተር ጉልበት እየተነሣ የሚወራው ግን ለእኛ ሙዚቃ የተጋነነ ይመስለኛል። ጭክጭካው በሰው እጅ የተመታ ነው፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ሁለት ሸክላዎችን እንደ ማሽን ምት አጣብቆ ማስኬድ የማይሞከር ባይሆንም ዜማውን ማስጨነቅ ነው። ከዚያ ይልቅ አንዱ የሚያልቅበትን ሌላው የሚነሣበትን ቦታ ማወቅ፣ የአምስቱን ድምፅ ዝምድና ይዞ ከጥላሁን ወደ መሐመድ ዋርዲ መሻገር ይበልጣል። ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን ያ ዝምድና በአደባባይ ታይቷል።

ለልምምድ የሚሆነው ዳግም ኅትመት ነው። የዋልያስ ባንድ «ቸበለው» እ.ኤ.አ. በ2014 በሸክላ ተመልሷል። የሱዳንን ቫዮሊንና ሲንት የሰበሰበው የኦስቲናቶ ሪከርድስ ሥራ በ2018፣ የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ከዶርፓ ባንዱ ጋር የሠራው «ቤጃ ፓወር» በ2022 ወጥተዋል። የመጨረሻው የዚሁ የምሥራቁ ምድር ድምፅ በመሆኑ በእኛ ግብዣ ላይ ሳይሰማ መቅረቱ ያስቆጨኛል። እነዚህን ቢያበላሹ ሌላ መግዛት ይቻላል። ዋናው አሮጌ ሸክላ ግን፣ ሃቡቡ ያመጣው አቧራ በብሩሽ ከተጠረገለት በኋላ፣ በቀላል መርፌ አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ይቀዳና ከፀሐይ ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም። መግቢያውን ለመያዝ አንዱን ቦታ ሃያ ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ማሸት፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት በፊት ያለችውን ያቺን የሳክስፎን መነሻ በጩኸት ይሸፍናታል።