ቤት ለእንግዳ፣ ኪራዩስ ለማን?

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ስለ መካከለኛው ዘመን የእስልምና ዓለም የነጋዴ ማደሪያዎች የሚጻፈውን የተከታተለ ሰው ሁለት ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። አንዱ ውበት ነው፤ ቅስቱ፣ የድንጋዩ ቀለም፣ በግቢው መሃል ያለው ፏፏቴ። ሁለተኛው ስብከት ነው፤ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም በሰላም ያደረበት ቤት የሚል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም፤ ዋናውን ጉዳይ ግን ይሸፍኑታል። እንደኔ ያለ መሐንዲስ ሕንጻ ሲያይ ቀድሞ የሚጠይቀው ሸክሙን ምን እንደተሸከመው፣ ወጪውንም ማን እንደከፈለው ነው። በዚህ ዓይን ስናየው የነጋዴዎቹ ማደሪያ በስደት ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የሚነግረን ቁም ነገር አለ።

ከስሙ እንጀምር። ዐረቦቹ «ፈንዱቅ» የሚሉት ቃል ከግሪኩ «ፓንዶኬዮን» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሁሉን ተቀባይ ማለት ነው። በግሪኩ የሉቃስ ወንጌል ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ያሳደረበት ቤት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ልብ በሉ፤ ሳምራዊው ቁስለኛውን አደራ ሲል ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቷል። ደግነቱ ሒሳብ ነበረው።

አሁን ወደ ሕንጻው እንግባ። የማምሉኩ ሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪ ካይሮ ውስጥ ከአል-አዝሃር መስጊድ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1504 እና 1505 ያሠራው ወካላ (የነጋዴ ማደሪያ) ዛሬም ቆሟል። በትልቁ በር የገባ ሰው አራት ማዕዘን ግቢ ያገኛል፤ ጭነት የሚራገፈው እዚያ ነው። ምድር ቤቱና ከሱ በላይ ያለው ፎቅ መጋዘኖች ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ፎቆች የሚከራዩ መኖሪያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ መኖሪያ ሦስቱን ፎቆች በውስጥ ደረጃ ያያይዛል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ የሰው ኑሮ ከላይ። ለመዋቅርም ለጥበቃም እንዲህ ያለ ግልጽ አሠራር ማግኘት ቀላል አይደለም።

የገንዘቡ መዋቅር ግን ከድንጋዩ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች ብዙ ጊዜ ወቅፍ ነበሩ። ይህም ማለት ንብረቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ይታሰርና ኪራዩ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመጠጥ ውሃ ማደያ ይመደባል ማለት ነው። አል-ጉሪ ወካላውን ሲሠራ ጊዜው የሰመረለት አልነበረም። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሕንድ ደርሶ ስለነበር የቅመሙ ንግድ ወደ ፖርቱጋሎች እጅ መግባት ጀምሮ ነበር። ሱልጣኑ በ1516 በጦርነት ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥቱም ወደቀ። ሕንጻው ግን ከባለቤቱ ተረፈ።

ይሁንና ነገሩን ማስዋብ አይገባም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢያስ ሱልጣኑ የሰው ንብረት እየወረሰ ይገነባ እንደነበር በምሬት መዝግቧል። በእስክንድርያ የቬኒስ ነጋዴዎች ማደሪያ ሌሊት ከውጭ ይቆለፍ ነበር። ቬኒስም በተራዋ የጀርመን ነጋዴዎችን በአንድ ሕንጻ ሰብስባ ትቆጣጠር ነበር፤ የዚያ ሕንጻ መጠሪያ «ፎንዳኮ» ራሱ ከፈንዱቅ የተወሰደ ነው። ከሚነገደው መካከልም በባርነት የተያዘ ሰው ነበረበት። ማደሪያው መጠለያም መቆጣጠሪያም ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። «ቤት ለእንግዳ» የምንል ሕዝብ ነን። የመሸበት መንገደኛ በየመንደሩ ሲያድር የኖረበት አገር መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን የደጋው ሲራራ ነጋዴ የሚያድረው ጭነቱን ክቦ በድንኳን ወይም በወዳጅ ቤት ነበር፤ መንግሥትን በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ኬላ ላይ ነው። በጎንደር፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ የሩቁ ንግድ ሸክም ግን በአብዛኛው በእነሱ ጫንቃ ላይ ነበር። እንደ እስክንድርያ መለየቱ አለ፤ ሕንጻው የለም። በሸዋ፣ ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረርና የአፋር ቆላ ነጋዴ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ ተቀምጦ ስለ ነዋሪዎቿ በሰፊው ጽፏል። እኛ ግን ታሪካችንን ስንተርክ ቤተ መንግሥቱን እንጂ ገበያውን አናነሳም። በአንጻሩ ከአካባቢያችን ለሄዱ የጀበርቲ ተማሪዎች በአል-አዝሃር ውስጥ ርዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው።

የምንኖርበትን ከተማ ደግሞ እንይ። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ኢዳይና የሚገኘው ሳውዝዴል እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት፣ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ነበር። ከቪየና ተሰዶ የመጣው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን በዙሪያው መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲኖር አቅዶ ነበር። የተሠራው ሱቁ ሆነ፤ ዙሪያው በመኪና ማቆሚያ ተከበበ። ግሩንም በእርጅናው ዘመን የእነዚህ ማዕከላት አባት መባልን ጠላ። በሌላ በኩል፣ ሌክ ጎዳና አካባቢ ያለው የሶማሌዎቹ ካርመል በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ትንንሽ ሱቆች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሻይ ቤት፣ ሐዋላ ላኪዎችና መስጊድ ይዟል። ከኛ ሰዎች አንዳንዶቹ «ትርምስ» ሲሉት እሰማለሁ። እኔ ግን ለአል-ጉሪ ወካላ ከሳውዝዴል ይልቅ እሱ ይቀርባል እላለሁ። እርግጥ የግል ንብረት እንጂ ወቅፍ አይደለም። ቢሆንም አዲስ የመጣ ሰው ሥራ፣ ዘመድና ጸሎት በአንድ ጣራ ሥር ያገኛል።

እኛስ? ማኅበር ስናቋቁም ቀድመን የምንመኘው አዳራሽ ነው። አዳራሹ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ያያል፤ በሚኒሶታ ክረምት ሰባቱንም ቀን ማሞቂያ ይበላል። ወጪው በገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ይሸፈናል፤ ያኮረፈ ሁሉ መዋጮውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ «ፖለቲካ ከፋፈለን» እንላለን። ፖለቲካው ድርሻ የለውም አልልም፤ ነገር ግን የራሱ ገቢ የሌለው ቤት የማንም ኩርፊያ ይዘጋዋል።

ካይሮን ሚኒሶታ ላይ እንትከል ማለቴ አይደለም። በአንድ በር ብቻ የሚገባና የሚወጣ ትልቅ ሕንጻ የዛሬን የእሳት አደጋ ደንብ አያልፍም፤ ክፍት ግቢውንም የጥር በረዶ ይሞላዋል። የሚጠቅመን አሠራሩ ነው፦ ከታች የሚከራይ ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ አዲስ ለመጣ ሰው የጥቂት ወራት ማረፊያ፣ ኪራዩ ለልጆች የቋንቋ ትምህርትና ለቤተ መጻሕፍት እንዲውል በሰነድ የታሰረ። ገንዘብ ሲገባ ነጋዴው ወይም ሊቀ መንበሩ ይነግሥበታል የሚል ሰው አይጠፋም። ስጋቱ ትክክል ነው፤ የአል-ጉሪም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ስለዚህም ነው ሰነዱ ለመሪዎች ፈቃድ የማይተወው፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር የሚመረመረው።

በየከተማው የማኅበር ቤት ለመግዛት መዋጮ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ የአዳራሹን ስፋት ከመለካታችሁ በፊት ኪራዩ ከየት እንደሚመጣና ለማን እንደሚውል ጻፉ። ደጉ ሳምራዊም ቢሆን ሁለት ዲናሩን ቆጥሮ ነው የሄደው።

ቸር ይግጠመን።