ምንዛሪ ስንት ገባ?

መካ መንሱር ሠፈር ካሉ ስደተኛ ልጆች ጋር የምንገናኘው በኢሞ ነው። የሚደውሉት አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ማዳም ስትተኛ ወይም አብረዋቸው የሚያድሩትን ሴቶች እንቅልፍ ሲወስዳቸው ነው። ከአሠሪያቸው (ከከፊል) ጠፍተው የወጡት አንዱን ክፍል ብዙ ሆነው ስለሚከራዩት ለብቻ የሚወራበት ቦታ የለም። ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚያወሩኝ አሉ፤ መታጠቢያ ቤት ገብተው ውሃውን ለቀው የሚንሾካሾኩም አሉ። ስለዚህ ከአዲስ ደዋይ ጋር ስለ ሕመም ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር እንስማማለን። ሰው ድንገት ከገባባት «ሲስተር፣ ዛሬ ምንዛሪ ስንት ገባ?» ትለኛለች። እኔም ወዲያው ስለ ሪያሉ፣ ስለ ሐዋላው፣ ለእናቷ ስለሚላከው ብር አወራለሁ። የገባው ሰው ሲወጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሳዑዲ ተመላሾች ጋር እሠራለሁ። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጀመረው መባረር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ ላይ ሲያራግፍ፣ በየመጠለያው እንቅልፍ ያጡ፣ ሰው ሲነካቸው የሚደነግጡ፣ ስማቸውን እንኳ መናገር ያቃታቸው ወጣቶች ነበሩ። በመባረሩ ጊዜ ስለነበረው ድብደባና ስለ ተደፈሩት ሴቶች ብዙ ተብሏል፤ ይገባልም። ከመሃላቸው ግን ዝም ያሉ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ትራንስጀንደር ናቸው። እነሱን ማከም የራሱ የሆነ ጥበብ አለው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው። (የማነሣቸውን ሰዎች ታሪክ ማንም ለይቶ እንዳያውቃቸው ቀላቅዬዋለሁ።)

ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ልዩ መድኃኒት የለም። ልዩ የሚያደርገው፣ ታማሚው ስለ ራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር በመናገሩ ብቻ ሊታሰር መቻሉ ነው። እዚህ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ሳዑዲ ደግሞ ዳኛው በሸሪዓ መሠረት ይፈርዳል፤ ቅጣቱም እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ለስደተኛ ደግሞ ተርሂል፣ ማለትም ታስሮ ከአገር መባረር፣ አለ። ኤችአይቪ ያለበት የውጭ ዜጋ ከአገር እንደሚባረር ስለሚያውቅ፣ መንሱር ያለ ልጅ ሐኪም ቤት ሄዶ ደም መስጠትን ራሱን ይፈራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊቴ ቁጭ ሲል ወይም በስልክ ሲያገኘኝ፣ ምስጢሩን እንዲነግረኝ ማድረግ የእኔ ሥራ አይደለም። ብዙ ባልደረቦቼ ግን ሥራው ይህ ይመስላቸዋል፤ እንደ ምርመራ ውጤት ቆጥረው ይጣደፋሉ። ምስጢሩ የሚነገረው ታማሚዋ ስትፈልግ ነው። ባትናገረውም የመንፈስ ጭንቀቷ ይታከማል።

ሥራው ከመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምራል። ካርዱ ላይ ያለው ቅጽ «ያገባ/ች፣ ያላገባ/ች፣ የፈታ/ች» ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመቷ ከሆነ፣ «ታዲያ ለምን አላገባሽም?» ይከተላል። በዚህች ጥያቄ በሩ ይዘጋል። እኔ የምጠይቀው «እዚያ አገር ስትታመሚ ሻይ የሚያፈላልሽ ማነው?» ብዬ ነው። «ከሁሉ በላይ የምታስቢለት ሰው አለ?» እላለሁ። አንዳንዷ «እሱ» እያለች ሳምንታት ታወራለች፤ እሱ ጅዳ ሻረፊያ ይሠራል፣ እሱ ጠባዩ ጥሩ ነው፣ እሱ ተርሂል ገባ። አንድ ሌሊት ግን «እሷ ከተያዘች ወዲህ እህል አይቀምሰኝም» ትላለች። ያን ጊዜ የእኔ ሙያ የሚታየው በቀጣዮቹ ጥቂት ሰኮንዶች ነው። አላቋርጣትም፤ «ማን?» አልልም፤ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» እያልኩም የነገረችኝን ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አላደርገውም። «ከተያዘች ስንት ቀን ሆነ? ስልኳ ይሠራል?» ብዬ እቀጥላለሁ። በአካል ቢሆን ፊቴን ታይ ነበር። በስልክ ግን ፊት የለም፤ ዝም ያልኩበት ጊዜ ርዝመት ነው ፊቴ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመሙን ከፍቅሩ መለየት ነው። መንሱር ከሐረም መስጊድ ሩቅ አይደለም። ከካዕባ አጠገብ እየኖሩ፣ ጠዋፍ እያደረጉ፣ «ያ ረብ፣ ይህን ነገር ከላዬ አንሣልኝ» ብለው የሚያነቡ አሉ። እንቅልፋቸው ጠፍቷል፣ ሰውነታቸው አልቋል፣ ሞት ያምራቸዋል። የምናክመው እንቅልፉን፣ ተስፋ መቁረጡን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳቡን ነው። ፍቅሩ በሽታ አይደለም። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አስራ አንደኛው ዝርዝርም ትራንስጀንደር መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አስወጥቷል። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ «እንቀይራለን» የሚሉ ሕክምናዎች ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌላቸውና ሊጎዱ እንደሚችሉ ተናግሯል። ሃይማኖቷን በተመለከተ ግን እኔ ሙፍቲም ቄስም አይደለሁም። አላህ ምን እንደሚላት አልነግራትም። እየሰገደች ያለችውን ሰላት እንድትተው አልገፋፋትም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን የሚያሻግራት እሱ ብቻ ነው።

ሞትን በቀጥታ እጠይቃለሁ። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል? በምን?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን ያካፍላል። አዲስ አበባ ላይ መድኃኒት ሲያስፈልግ ሐኪሙን የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ኤሚትሪፕቲሊን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በብዛት ከተዋጠ ልብን ሊያቆም ይችላል። መሞት ለምታስብ ልጅ የወር ክኒን አስይዞ መሸኘት አይገባም። ፍሎክሰቲን ይሻላል፤ እሱም ለመሥራት ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ እነዚያን ሳምንታት በቅርብ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። መካ ላለች፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለሌላት ልጅ ግን በስልክ ክኒን አላዝዝም። ለእሷ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ ልዩ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችለውን የአምስት ክፍለ ጊዜ የችግር መፍቻ ምክር እጠቀማለሁ፤ መተንፈስ፣ ችግርን ከፋፍሎ ማየት፣ የተተዉ ትናንሽ ሥራዎችን መልሶ መጀመር፣ የሚደግፍ ሰው መፈለግ። አራተኛው ለእነዚህ ልጆች ይከብዳል። የሚደግፈው ሰው ነገ ሹርጣ (ፖሊስ) ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ለማን ምን ያህል እንደሚነገር አንድ በአንድ እንለያለን፤ ለዚህች ስለ እንቅልፍሽ ብቻ፣ ለዚያኛዋ ስለ ሐዘንሽ፣ ሙሉውን ምናልባት ለማንም።

ስልኩም ይፈተሻል። ተይዛ ሹሜሲ እስር ቤት ብትገባ ፎቶና መልእክቱ ማስረጃ ይሆንባታል። ምንም ነገር በጽሑፍ አልልክላትም፤ የምትይዘው አንድ ስልክ ቁጥር በቃሏ ብቻ ነው፤ በየጥሪያችን መጨረሻ ትደግምልኛለች።

አገር ቤት ስትመለስ ደግሞ ቤተሰብ አለ። አንዲት እናት ከወሎ ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ጅን ነው ይላሉ። ትዳር እንቢ አለች። ቀይሪልኝ» አሉኝ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ልጅዎ እንቅልፍ አጥታለች፣ እህል አልወርድ ብሏታል። እሱን አብረን እናክመው። በዚህ ጊዜ ስለ ትዳር አያንሡባት፤ ሕመሙ ይብስባታል።» አልዋሸኋቸውም። የልጅቱን ምስጢርም አላወጣሁም፤ የሷ ነውና። ዱዓም ሆነ ጸበል ልውሰዳት ሲሉኝ አልከለክልም። አትታሰር፣ አትመታ፣ መድኃኒቷን አታቋርጥ፣ ያለ ምግብ አትዋል እላለሁ። ስለ አስታማሚ እናት ክፉ ማሰብ አይገባም። እኚህ ሴት ሦስት ቀን ወንበር ላይ አድረዋል።

በጣም የሚያናድደኝ ነገር ካርድ ነው። አንድ የጤና ተቋም ውስጥ፣ በታማሚው ካርድ ሽፋን ላይ፣ ለማንም በሚታይ ቦታ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ግብረ ሰዶማዊ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ካርድ በተላላኪ እጅ ይዞራል፣ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያድራል፣ ቤተ ሙከራ ይደርሳል፤ አንዳንዴ የታማሚው አጎት ልጅ እዚያው ተቀጥሮ ይሠራል። ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። እኔ የምጽፈው ቀጣዩ ባለሙያ ለማከም የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ «የቅርብ ሰው በመለየቱ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነበረ፣ ዛሬ የለም።» ከዚህ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ለአባላዘር ምርመራ ዝርዝሩ ካስፈለገ በታማሚው ፈቃድ፣ በቃል፣ ለሚመረምረው ሰው ብቻ እናገራለሁ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መሰል ቦታዎች ላይ ከሕዝብ በደረሰው ጥቆማ እርምጃ እንደሚወስድ ሲገልጽ፣ ቲክቶክም በሰዎች ፎቶና በዛቻ ሲሞላ፣ ቀጠሯቸውን ያቋረጡብኝ ነበሩ። ወረፋ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ያንን ቪዲዮ እያየ ነበርና አልፈርድባቸውም። በዚያ ሰሞን ብዙዎቹን መድኃኒት ከማቋረጥ ያዳናቸው ቀጠሮውን ወደ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኮሪደሩ ሳይሞላ፣ ማዛወራችን ነው።

«ሕጉ እያለ እኛ ምን እናደርጋለን?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ወጣት ነርሶችን ሳሠለጥን ይህችን ጥያቄ አልሸሻትም። የወንጀል ሕጉን አምጥቼ ሁለት አንቀጽ አስነብባቸዋለሁ። 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ነርስ ታማሚዋን ወስዳ ለፖሊስ ታስረክብ የሚል ቃል የለበትም። ወደ ኋላ ገልጠው 399ን ያያሉ፤ እዚያ የሚቀጣው በሙያው ያገኘውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያ ነው፤ ነርስም ተጠቅሳለች። ክፍሉ ዝም ይላል። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሰምተዋል፤ ሁለተኛውን አንብበውት አያውቁም። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ወንበራቸውን ፊት ለፊት ያዞራሉ። አንደኛው ታማሚ ይሆንና በጨዋታው መሃል «እሱ» ሲለው የነበረውን «እሷ» ይላል፤ ሌላኛው ፊቱ ሳይለወጥ፣ ድምፁ ሳይቀንስ ቀጣዩን ጥያቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይደናቀፋሉ። እስኪለምዱት ድረስ ደጋግመን እንሠራዋለን፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይወስዳል።