ጥናቱ ካለቀ በኋላ

የጥናት ፕሮፖዛል እጄ ሲገባ ማንበብ የምጀምረው ከኋላ ነው። መግቢያው ላይ ሁሉም ጎበዝ ጸሐፊ ነው፤ ችግሩ ሰፊ፣ ክፍተቱ ግልጽ፣ ዘዴው ዘመናዊ ይሆናል። እኔ የበጀቱን ሠንጠረዥ ፈልጌ የመጨረሻውን ዓመት እመለከታለሁ። ለውሎ አበል አለ፤ ለነዳጅ አለ፤ ለላፕቶፕ አለ፤ ውጤቱ ለሚቀርብበት ዐውደ ጥናት የሻይና የምሳ ሳይቀር ተይዟል። ተሳታፊው በማግስቱ ለሚገጥመው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። ማንኛውም ሙያ የራሱ ልማድ አለው፤ በሥነ ምግባር ገምጋሚነት ሥራዬ የኔ ይኸው ነው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ልማዱ ለየትኛውም ጥናት ይጠቅማል፤ ለአንጎል ጥናት ግን የግድ ይመስለኛል። ለጥናት ደም የሰጠ ሰው ክንዱ ላይ የቀረው ምልክት በጥቂት ቀን ይጠፋል። አንጎሉ የተጠናበት ሰው ግን ይዞት የሚሄደው ነገር አለ፦ ከራስ ቅሉ ሥር የገባ ሽቦ፣ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር የተቀበረ ባትሪ፣ አንጎሉ የለመደው መድኃኒት፣ ወይም ሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ የራሱ የአንጎል ምልክት። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚተከለው ማነቃቂያ፣ ቻርጅ የማይደረገው ዓይነት ከሆነ፣ ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው። ከዚያ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የጥናት ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃል።

ይህን ጉዳይ ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሣው የሜልበርንን ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 መድኃኒት አልበግር ያለ የሚጥል በሽታ ላለባቸው 15 ሰዎች፣ ኒውሮቪስታ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ተተከለላቸው። አንጎል ላይ የተቀመጡት ኤሌክትሮዶች ያነበቡት ምልክት ደረት ውስጥ ባለው ክፍል በኩል በእጅ ወደሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ይተላለፋል። ቀይ ከበራ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል፤ ሰማያዊ ከበራ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል ያሳየው ውጤት በ2013 ላንሴት ኒውሮሎጂ ላይ ወጣ። ኩባንያው ግን ገንዘብ አለቀበት፤ መሣሪያዎቹም ከሰዎቹ ወጡ።

ከተሳታፊዎቹ አንዷ፣ በጽሑፎቹ ታካሚ 6 የምትባለው ሴት፣ እንዲወጣ አልፈለገችም። ዛሬ ልወድቅ ይሆን እያለች የኖረች ሰው ናት፤ መሣሪያው ሲያስጠነቅቃት መድኃኒቷን ቀድማ ትወስዳለች። ከእኔነቴ ተዋህዷል እስከ ማለት ደርሳ ነበር። ከባለቤቷ ጋር ቤታቸውን አስይዘው በተበደሩት ሊገዙት ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ከሁሉም ዘግይታ እሷም ተወሰደባት። ፍሬድሪክ ጊልበርትና ማርቼሎ ኢየንካ ጥናቱን ከመራው ከማርክ ኩክ ጋር በ2023 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለ ከሰው የተዋሃደ መሣሪያ የሰብአዊ መብት ጥያቄ አያስነሣም ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚህ ትንሽ ይለያል። «ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ወጪውም ተይዟል» የሚል ፕሮፖዛል ቢቀርብልኝ፣ በዚያ ልማዴ አይቼ ጥርት ያለ ነው ብዬ አሳልፈው ነበር። የመጨረሻው ገጽ ተሞልቷላ! ለታካሚ 6 ግን ጉዳቱ ያ ጥርት ያለ መውጫ ራሱ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሬአለሁ፦ ነገሩ ለአንድ ሰው ቢሠራስ? ጥናቱ በጠቅላላው ባይሳካና ለእሱ ብቻ ቢሠራስ?

ይህ የምናብ ጥያቄ አይደለም። ሴንት ጁድ የተባለው ኩባንያ ለከባድ ድብርት ያስጠናው የአንጎል ማነቃቂያ ለ90 ሰዎች ከተተከለ በኋላ፣ በ6ኛው ወር ሲለካ በበራላቸውና ባልበራላቸው መካከል ልዩነት ለማሳየት ተስፋ የለውም ተብሎ ቆመ። በ2017 የታተመው ክትትል ግን ከ2 ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ እንደተሻላቸው አሳየ። ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት የተገኘ ቁጥር ስለሆነ ብዙም አልመካበትም። የተሻለው ሰው ግን ስታቲስቲክሱ አልደገፈህም ቢባል የሚሰማ አይመስለኝም፤ የሚፈልገው ባትሪው ሲያልቅ የሚቀይርለት ሰው ነው።

ጥናት አልፎ ገበያ መግባትም ዋስትና አይሆንም። አርገስ 2 የተባለው ለዓይነ ስውራን የሚተከል መሣሪያ በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ፣ በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ሰዎች ዓይን ውስጥ ገባ። በ2019 ሠሪው ኩባንያ ሴኮንድ ሳይት መሣሪያውን መሥራት አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ማዞር ይዞት ሐኪሙ የአንጎል ዕጢ እንዳይሆን በኤምአርአይ ልየው ሲል፣ መሣሪያው ኤምአርአይ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከኩባንያው የሚያስረዳ አልተገኘም። በሲቲ ስካን ተብቃቁ።

«ዶክተር፣ ይህ እኮ የሀብታም አገር ጣጣ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ቡታጅራን አስባለሁ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት በአካባቢው ቤት ለቤት 60,820 ሰው አዳርሶ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኘ። ተገቢውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ሰው ማለት ነው። ጠበል፣ ክታብና ቅጠላ ቅጠል ነበር የብዙኃኑ ሕክምና። እንዲህ ባለ ስፍራ ተመራማሪ ሲገባ ርካሹን ፌኖባርቢታል ይዞ ይገባል። ይህ መድኃኒት ደግሞ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይነሣል፤ ሳያቋርጥ የሚያንቀጠቅጥ ሆኖ ሊገድልም ይችላል። ለአንድ ዓመት መድኃኒት አድሎ ቢሮውን የሚዘጋ ፕሮጀክትና ሴኮንድ ሳይት ለኔ አንድ ናቸው፤ የፕሮጀክቱ ጉዳት እንዲያውም ይፈጥናል።

እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ያቀረበ አንድ ወጣት ተመራማሪ አስታውሳለሁ፤ ተንቀሳቃሽ የአንጎል ምልክት መለኪያ (ኢኢጂ)፣ የ12 ወር መድኃኒት፣ ጥሩ ዘዴ።

«ለጋሹ የሰጠን የ18 ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ ዶክተር?» አለኝ።

«ይሁን፤ መንግሥት የምትለው እዚያ የትኛው ጤና ጣቢያ ነው? የፋርማሲው ኃላፊ ሰምተዋል?»

አልሰሙም። የጠየቀው ግን ተገቢ ነበር። የሕክምና ጥናት ሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የ2013ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ከጥናት በኋላ ያለውን ኃላፊነት ለገንዘብ ሰጪው፣ ለተመራማሪውና ለአገሩ መንግሥት በአንድነት ነበር የሰጠው፤ ሦስት ባለቤት ያለው ሥራ ደግሞ እርስ በርስ ያጠባብቃል። በ2024 ሲሻሻል አቅራቢው የጤና ሥርዓቱም ሆነ መንግሥት ሊሆን ቢችልም፣ አስቀድሞ የማመቻቸቱ ግዴታ የገንዘብ ሰጪውና የተመራማሪው ሆኗል። ልጁ የዞኑን ጤና መምሪያ ደብዳቤ፣ የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ትንበያ፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ለመቀነስ የሚበቃ ተጨማሪ መጠባበቂያ ይዞ ተመለሰ። ፍጹም አልነበረም። አሳለፍነው።

መጀመሪያ ላይ ስላነሣሁት፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚቀረው የአንጎል መረጃም አጭር ልበል። በ2023 የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢሞቲቭ የተባለው ኩባንያ ከቀድሞው ሴናተር ከጊዶ ዢራርዲ የሰበሰበውን የአንጎል መረጃ እንዲያጠፋ አዘዘ። ዢራርዲ ሴናተር ነበሩ፤ ጠበቃ ይዘው መክሰስ ይችላሉ። የገጠር ተሳታፊ አይችልም፤ ስለዚህ የማጥፊያው ቀንና ኃላፊው ከመጀመሪያው ፕሮቶኮሉ ላይ ይጻፍ እላለሁ። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አላገኘሁም።

የሚከራከሩኝ በገንዘቡ ነው። ለመውጫው የሚሆነው ከመጀመሪያው ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ስል፣ ይህን ካጠበቅን ጥናቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል ይላሉ፤ ሥጋቱን ከንቱ አልለውም። ለጋሾችም ከመዝጊያው ቀን በኋላ ሳይወጣ የሚቆይ ገንዘብ አይፈቅዱም። እውነት ነው፤ ደንቡን የጻፉት ግን ራሳቸው ስለሆኑ ልንጠይቃቸው እንችላለን። እስካሁን ለላክናቸው ደብዳቤዎች የመጣልን መልስ «እናጤነዋለን» የሚል ነው።